በለቅሶ ቤት የተቆለፈ ቁጥር

አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ጠዋት ነው። ሻይ አዝዞ ጠጥቷል፣ ሌላ አዝዞ ረስቶታል። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል፤ ይወርዳል። እንደገና ይወጣል። እንደገና ይወርዳል።

እሱም ይጠብቃል።

ምን ይሆን የሚጠብቀው? ቁጥሩ እንዲረጋለት ነው። ቁጥሩ ከረጋ ድልድይ ይሠራል። ካልረጋ ድልድይ የለም። ድልድይ ከሌለ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ወንዙ ሰው ይበላል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከጉባኤው ኋላ የተቀመጣችሁ፣ «ዛሬ ደግሞ የመሐንዲስ ወሬ አመጣችብን» ብላችሁ ስልካችሁን ለማውጣት አትቸኩሉ። ይህን ታሪክ ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም። ወንዝ ያየ ሰው ይገባዋል። ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ ሰውማ ከሁሉ በፊት ይገባዋል።

ሰውዬው ኤርሚያስ ይባላል፤ ኤርሚያስ ሀንዲሶ። ሥራው የድልድይና የጣሪያ ብረት ማስላት ነው። ዋሻሞ የሚባል ወንዝ ላይ፣ መኪና የማይደርስበት አገር፣ ለእግረኛ የሚሆን የብረት ድልድይ እንዲነድፍ ተሰጥቶታል። ዋሻሞ በበጋ ልጆች እየረገጡ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። በክረምት ግን ሌላ ወንዝ ነው። የሰውን ስም እየጠራ የሚወስድ ይመስላል ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

ድሮ መሐንዲስ በእርሳስ ነበር የሚያሰላው። አሁን ፕሮግራም አለ። ለፕሮግራሙ እንዲህ ይባላል፦ «የድልድዩ ርዝመት ይህን ያህል ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ የተጫነ አህያ ይሻገርበታል። እንዳይሰበር። ከዚህ ልክ በላይ እንዳይጎብጥ። ብረቱ ደግሞ በተቻለ መጠን ቀላል ይሁን። በል፣ ፈልግ።» ፕሮግራሙም ይፈልጋል። አንዱን ብረት ያወፍራል፣ ሌላውን ያቀጥናል፤ ያሰላል፤ መልሶ ይለውጣል። ይህ አንድ ዙር ነው። ከዙር ዙር ለውጡ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄድና በመጨረሻ ይረጋል። ያኔ «አገኘሁ» ይላል። ኤርሚያስ ሌሎቹን ሥራዎቹን ሁሉ እንዲህ ነው የሠራቸው። ፕሮግራሙን አስነሥቶ ምሳ ይወጣል፤ ሲመለስ ረግቶ ያገኘዋል።

ይኼኛው ግን እምቢ አለ። አልረጋ አለ።

ድልድዩ ሲጎብጥበት ፕሮግራሙ ብረቱን ያወፍረዋል። ብረቱ ሲወፍር ይከብዳል። ሲከብድ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ሲጎብጥ እንደገና ያወፍረዋል። ሲያወፍረው ይከብዳል። ሲከብድ ይጎብጣል። እንዲህ ያለ ኑሮ የምታውቁ እጃችሁን አታንሡ፤ ከፊታችሁ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፕሮግራሙ አልቆመም። ይሠራል። ይደክማል። በየዙሩ አዲስ ቁጥር ያመጣል። ሰውዬውን ያታለለውም ይኸው ነው። ቆሞ ቢሆን «ተበላሽቷል» ይል ነበር። ስለሚንቀሳቀስ ግን «ትንሽ ልጠብቀው፣ ሊደርስ ነው» ይላል። የሚንቀሳቀስ ሁሉ የሚደርስ ይመስለናል። የታሰረች ላምም እኮ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች፤ ችካሏን ስትዞር።

ኤርሚያስ ደግሞ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጠረጠረ፤ የተከፈተውን ሌላ ነገር ሁሉ ዘጋጋለት። ቀጥሎ የጭነቱን ልክ አንድ በአንድ አየ፤ ትክክል ነው። ድልድዩ ከዳርና ከዳር የሚያርፍበትን አየ፤ ትክክል ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ዙር ምን ያህል መለወጥ እንደሚፈቀድለት የሚነግረውን ልክ አሳነሰ፤ እንደ ቀንድ አውጣ ተጎተተ። ያንኑ ልክ አሳደገ፤ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ሁሉን ነካ። ሁሉን ፈተሸ።

ሁሉን?

ትርሲት የመጣችው ይኼኔ ነው። ትርሲት ከጎኑ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ መሐንዲስ ናት፤ አብረው ነው የተማሩት፤ ምላሷ ከብረት መቁረጫ አያንስም። ከግንባታ ቦታ ተመልሳ ከነአቧራዋ ቆማ አየችው።

«ኤርሚ፣ ኮምፒውተሩን ከበህ ለቅሶ ተቀመጥክ እንዴ? ማን ሞተብን?»

«አልረጋ አለኝ።»

«በየዙሩ የሚለውጥበትን እርምጃ አሳንሰህ አየኸው?»

«አየሁት።»

«አሳድገህስ?»

«ባሰበት።»

«መለኪያውንስ? እንዳለፈው ጊዜ ሜትሩን ሚሊሜትር ብለህ የሰው ቤት ጣሪያ እንደ ክብሪት ሳጥን…»

«ትርሲት! ይህን ነገር ለልጅ ልጆችሽ ሁሉ ልትነግሪ ነው?»

«እኔ ካልወለድኩ ለአንተ ልጆች እነግራቸዋለሁ፤ አትስጋ።»

ወንበር ጎትታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ አየች። ቀልዷ ቀስ በቀስ ከፊቷ ጠፋ።

«ምን ቆለፍክበት?» አለችው።

ይህ ምን ማለት መሰላችሁ? በፕሮግራሙ ውስጥ አንዳንዱን መጠን «እንደ ፈለግህ ለውጠው» ብሎ መተው ይቻላል። አንዳንዱን ደግሞ «ይህን እንዳትነካ» ብሎ መቆለፍ ይቻላል።

«ምንም አልቆለፍኩም» አላት።

«ኤርሚያስ!»

«አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«እኮ፣ የቱን?»

በጣቱ አሳያት። የድልድዩን የጎን ቁመት ነው።

«ወገብ ልክ ነው» አላት። «እሱ አይነካም።»

ትርሲት አየችው። እናንተም ነገሩ እንዲገባችሁ ልንገራችሁ። የዚህ ዓይነት ድልድይ ጉልበቱ ጎኑ ላይ ነው። ግራና ቀኝ በሦስት ማዕዘን፣ በሦስት ማዕዘን የተያያዙት ብረቶች ናቸው ሰውን የሚሸከሙት። ጎኑ ከፍ ካለ ድልድዩ ይጠነክራል። ዝቅ ካለ ይልፈሰፈሳል። ጣውላ አንሥታችሁ ሞክሩት። በጠፍጣፋው አስተኝታችሁ ብትቆሙበት ይጎብጣል፤ በጠርዙ ብታቆሙት አይጎብጥም። ያው ጣውላ ነው፤ ልዩነቱ ቁመቱ ነው። ኤርሚያስ እንግዲህ ፕሮግራሙን ምን እያለው ነው? «ሁሉን ለውጥ፤ ጉልበትህ ያለበትን ግን አትንካ።» ከዚያ ደግሞ «ለምን ደከምክ?» ይለዋል።

«ለምንድን ነው የማይነካው?» አለችው።

«አይነካማ!»

«አይነካማ መልስ ነው?»

ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ከዚያ ነገራት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና።

ባለፈው ነሐሴ ኤርሚያስ ወንዙን ሊለካ ዋሻሞ ሄዶ ነበር። ሊለካ ሄዶ ለቅሶ ደረሰ። ታገሰች የምትባል ልጅ ከገበያ ስትመለስ ወንዙ ወስዷታል። ወጣት ናት። ዳር ለዳር ተፈለገች፤ አልተገኘችም። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው የሚያለቅስበት አቅጣጫ ይጠፋዋል። አንዱ ወደ በሩ ያለቅሳል፣ ሌላው ወደ ወንዙ።

አባቷ አባባ ኤርጫፎ ድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኤርሚያስ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ያዘ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አባባ።»

«ድልድይ ይሠራል የተባለው ሰውዬ አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ።»

«ሥራ። ግን ውሃውን አትሸፍንብኝ። ልጄ መቃብር የላትም። መቃብሯ ይኼ ውሃ ነው። ስሻገር ልያት።»

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? በለቅሶ ቤት ውስጥ «ቆይ እስቲ መጀመሪያ ላስላው» የሚል ጨካኝ ከመካከላችሁ አለ? የለም። እኛ በለቅሶ ቤት እምቢ አንልም። እምቢ አለማለት ብቻ አይደለም፤ እንጨምራለን። ጽዋ ውሃ የጠየቀንን ሐዘንተኛ እንስራውን ካላስረከብነው ያዘንለት አይመስለንም።

ኤርሚያስም ጨመረ። እንባው መጣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር ፊት ቃሌ ነው! የድልድዩ ጎን ከወገብዎ በላይ አይነሣም።»

በድንኳኑ ያሉት ሁሉ «አሜን! ተባረክ!» አሉ።

ወደ ቢሮው ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ ያቺን ቁጥር ቆለፋት። አሜን የተባለባትን ቁጥር ማን ይከፍታል?

አትፍረዱበት። ክፋት የለበትም። ቢኖርበትማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ክፉን ነገር ንስሐ ገብተን እንጥለዋለን። አስቸጋሪው በፍቅር የቆለፍነው ነው። እሱን ስንፈትሽ እንኳ እያለፍን ነው የምንፈትሸው፤ የታመመ ሰው የተኛበትን ክፍል በእግር ጣት እንደምናልፍ።

ትርሲት ይህን ሁሉ ሰማች። በኋላ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ሂድና ጠይቃቸዋ» አለችው።

«ምን ብዬ? ‹የልጅዎን መቃብር ልሸፍንብዎት ነው› ብዬ?»

«ሳትጠይቃቸው ክረምት ቢገባስ?»

«ሌላ መንገድ አላጣም።»

«ፕሮግራሙ መንገዱን ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሲደክመው አላየህም? አንተ ከየት ልታመጣ ነው?»

ተነሥታ ሄደች። እሱም ቀረ።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። ድልድዩን የሚገጣጥመው የብረት ቤት ሰውዬ ነው። «ኢንጂነር፣ አሁን መቁረጥ ካልጀመርን ክረምቱ ይቀድመናል። ለሚቀጥለው በጋ ይደር ካልክ ንገረኝና ሌላ ሥራ ልያዝ። ስዕሉ የታለ?»

«እየደረሰ ነው» አለ ኤርሚያስ። እየደረሰ አልነበረም። እየተንቀሳቀሰ ነበር።

እዚህ ላይ ፈተና መጣበት። በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ልክ አለ፤ «ለውጡ ከዚህ ካነሰ ረግቻለሁ በል» የሚባልበት። ያንን ልክ ጠበቅ ማድረግ ይቻላል፤ ላላ ማድረግም ይቻላል። ኤርሚያስ አላላው። ወዲያው ፕሮግራሙ «አገኘሁ» አለ። እንዴት ደስ ይላል! ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ትንፋሹን ለቀቀ።

ከዚያ ግን ወደ ውስጥ ተመለከተ። ድልድዩ አሁንም ከልኩ በላይ ይጎብጣል። ፕሮግራሙ ምንም አላገኘም። ቁም ስለተባለ ቆመ እንጂ።

ወገኖቼ፣ ሰው ራሱንም እንዲህ «ረግቻለሁ» ሊያሰኝ ይችላል። ልኩን ማላላት ብቻ ነው። «ከወንድሜ ጋር ሰላም ነን» ይላል፤ ሰላሙ ምንድን ነው ስትሉት፣ በመንገድ ሲተያዩ መንገድ አይቀይሩም። ይኸው ነው ሰላሙ! «ጸሎቴ ደህና ነው» ይላል፤ ደህንነቱ ምንድን ነው ስትሉት፣ እንቅልፍ ሳይወስደው አሜን ይላል። እንዲህ እያደረጉ ረጋሁ ማለት ቀላል ነው። የሚጎዳው ግን በዚያ ድልድይ ላይ የሚሻገረው ሰው ነው።

ኤርሚያስ ስዕሉን አትሞ መላክ ይችል ነበር። እጁ ደርሶ ነበር። አላደረገውም። ልኩን ወደ ቦታው መለሰው፤ ቁጥሩም እንደገና መውጣትና መውረድ ጀመረ። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት እዚህ ላይ ነው። መፍትሔ አላገኘም፤ ግን አግኝቻለሁ ብሎ አልዋሸም።

በነጋታው ኮምፒውተሩን ዘግቶ ዋሻሞ ሄደ።

አባባ ኤርጫፎን በጓሯቸው አጥር ሲጠግኑ አገኛቸው። ሲያዩት መዶሻቸውን ጥለው ሳሙት፤ ወደ ቤት አስገቡት። ሊናገር ቢል «መጀመሪያ ብላ» አሉት። ቆጮ ከአይብ ጋር ቀረበ። በላ። አሁን ልናገር ሲል «ጨምር» አሉት። ጨመረ። የይሉኝታ ጉርሻ ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ሳይወርድ ሌላው ይመጣል።

«አንተ ልጅ» አሉት በመጨረሻ፣ «ከገባህ ጀምሮ ጣሪያዬን ነው የምታየው። ሊወድቅብኝ ነው?»

«ኧረ አይደለም አባባ።»

«ታዲያ ተናገር። ጉሮሮህ ላይ የተሰነቀረው ቆጮ አይደለም።»

ኤርሚያስ አንገቱን ደፋ። «አባባ፣ ያኔ በለቅሶው ቃል ገብቼልዎት ነበር። የድልድዩ ጎን ከወገብ በላይ አይነሣም ብዬ።»

«ወገብ?»

«አዎ።»

«የማን ወገብ?»

«የእርስዎ ወገብ አባባ።»

አባባ ኤርጫፎ ዝቅ ብለው ወገባቸውን አዩ፤ ቀና ብለው ልጁን አዩ።

«እኔ ስለ ወገብ ነገርኩህ?»

«አልነገሩኝም። እኔ ነኝ ያልኩት። በሰው ሁሉ ፊት።»

ሽማግሌው የቀረበውን ሳህን ወደ ጎን አደረጉ። «ልጄ» አሉት፣ «ያን ቀን አንተ ያልከውን አልሰማሁም። ያን ቀን ማንንም አልሰማሁም። ሰው ፊቴ እየመጣ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር የማየው።»

አያችሁ ነገሩን? ክረምት ከበጋ የተጨነቀባት ቁጥር፣ ፕሮግራሙን ያደከመባት፣ ከጓደኛው የተጣላባት ቁጥር፣ ባለቤት የላትም። ማንም አልጠየቃትም። ተቀብሎኛል ብሎ ያሰበው ሰው ሰምቷት እንኳ አያውቅም።

«እኔ ያልኩህ ግድግዳ እንዳትሠራብኝ ነው» አሉ አባባ ኤርጫፎ። «የመኪናው መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ግራ ቀኙ ግንብ ነው። ስትሻገር ከሥርህ ወንዝ ይኑር ገደል ይኑር አታውቅም። እንደዚያ እንዳይሆንብኝ ነው።»

«ግንብ አይደለም አባባ! ይምጡ ላሳይዎት።»

ወደ ጓሮ ይዟቸው ወጣና አጥሩ አጠገብ አቆማቸው። ቀጫጭን እንጨት በሰያፍ በሰያፍ የተጠላለፈበት አጥር ነው።

«በዚህ ውስጥ ማዶው ይታይዎታል?»

«እንዴታ! የጎረቤቴ በሬ ጎመኔን ሲመኝ አየዋለሁ።»

«የድልድዩም ጎን እንዲህ ነው። ብረት፣ ከዚያ ክፍት፤ ብረት፣ ከዚያ ክፍት። ይህ ክፍተት ከዚህ አጥር ይበልጥ ይሰፋል። ቁመቱ ግን ከእርስዎ ራስ ሊያልፍ ነው።»

«ውሃው ይታየኛል?»

«ይታይዎታል።»

«ታዲያ ሰማይ ድረስ ይሁን! እኔ ምን ቸገረኝ?»

ኤርሚያስ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። አጥሩን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ክረምት ሳይገባ ይደርሳል?»

«አሁን ይደርሳል አባባ።»

«አፍረህ ሳትመጣ ቀርተህ ቢሆንስ?»

ኤርሚያስ ቀና ብሎ ወንዙ ወዳለበት አየ። እሳቸውም መልሱን ከፊቱ አነበቡት።

«በእኔ ሐዘን ስም የሌላውን ልጅ ለወንዙ ልትሰጥ ነበር እኮ!»

ኤርሚያስ መሬት መሬት አየ። አባባ ኤርጫፎ እጃቸውን ከአጥሩ አንሥተው ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ክፋት እንዳይደለ አውቃለሁ። ለእኔ አዝነህ ነው። ነገር ግን ስታዝንልኝ ጠይቀኝ። እኔ አልሞትኩም። የሞተችው ልጄ ናት።»

በማግስቱ ኤርሚያስ ያቺን ቁጥር ከፈታት። «አንተ ፈልግላት» አለው ፕሮግራሙን። ቁጥሮቹ መጀመሪያ ዘለሉ፤ ከዚያ ተረጋጉ፤ ከዚያ ከዙር ዙር ልዩነታቸው እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄደና ረጋ። ልኩን ማንም አላላላውም። ጎኑ ከፍ አለ፣ ብረቱ ቀጠነ፣ ድልድዩ ቀለለ። ትርሲት ከጀርባው ቆማ አየችና፣ «ተመስገን! የተቀመጥከው ለቅሶ ዛሬ ተነሣ» አለችው።

ብረቱ ተቆረጠ፤ ተበየደ፤ በሰው ትከሻ ወደ ወንዙ ወረደ። ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ድልድዩ ቆሞ ነበር። በዚያ ክረምት ዋሻሞ እንደ ልማዱ ሞላ፤ እንደ ልማዱ አጓራ። ሰው ግን ከላዩ ተሻገረ። አባባ ኤርጫፎም ገበያ በሚሄዱበት ቀን መሐል ላይ ቆም ይላሉ፤ በብረቶቹ መካከል ውሃውን ያያሉ። ከኋላቸው የሚመጣው ሰው አህያውን ገታ አድርጎ ይጠብቃቸዋል። ማንም አይቸኩልባቸውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ በየእሁዱ ትመጣላችሁ። ትዘምራላችሁ። ትጾማላችሁ። አንዱን ልማድ ትተዋላችሁ፣ ሌላውን ትጀምራላችሁ። ትንቀሳቀሳላችሁ! ማንም ቆማችኋል ሊላችሁ አይችልም። ነገር ግን እስቲ በእውነት ንገሩኝ፣ ረግታችኋል? ያ የቤታችሁ ነገር፣ ያ ሲያወፍሩት የሚከብደው፣ ሲከብድ የሚጎብጠው ነገር ተስተካክሏል?

ካልተስተካከለ፣ እንግዲህ ትርሲት የጠየቀችውን ልጠይቃችሁ። ምን ቆለፋችሁበት?

«ምንም» አትበሉኝ። እሱም መጀመሪያ «ምንም» ነው ያለው።

እህቴ፣ እናትሽ ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ተንበርክከሽ ነበር። እናትሽ «ወንድሞችሽን አደራ» አለችሽ። ይህን ብቻ ነው ያለችሽ። አንቺ ግን እያለቀስሽ «እነሱ ሳይቋቋሙ እኔ ጎጆ አልወጣም» አልሽ። ወንድሞችሽ ዛሬ ጢም አውጥተዋል፤ ሁለቱ ሚስት አግብተዋል። አንቺ አሁንም ልብሳቸውን ታጥቢያለሽ፤ የጠየቀሽንም ደግ ሰው በር ላይ አቁመሽዋል። ሰዎች «ምን ዓይነት መልካም ልጅ ናት» ይሉሻል። መልካም ነሽ። ግን ንገሪኝ፣ ጎጆ አትውጪ ያለሽ ማን ነው?

አንተስ ወንድሜ? ከአባትህ ጋር በፍርድ ቤት የተካሰሰውን አጎትህን ላለማናገር ለአባትህ ስትል ማልህ። አባትህ አስማለህ? አላስማለህም። አዝኖ ስታየው አንተው ጨመርክለት። አሁን የአንተና የአጎትህ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እየተማሩ ሰላም አይባባሉም። አባትህ ደግሞ በጓዳ ሆኖ ምን እንደሚል ታውቃለህ? አታውቅም። አልጠየቅኸውማ!

በእግዚአብሔርስ ላይ ስንቱን ጫንንበት? እሱ አንዲት ቀላል ነገር ይጠይቀናል። እኛ ደግሞ ስሜታችን ሲነካ እሱ ያላለውን እንጨምርና፣ ሰዉ «አሜን» ይልና፣ የጨመርነውን ቆልፈን «ጌታ ነው ያዘዘኝ» እንላለን። ከዚያ ጉልበት ሲከዳን እሱን እናማዋለን። «ለምን አደከምከኝ?» እንለዋለን። እሱ መቼ አደከመን? የጠየቀንን አልፈን የሰጠነው እኛው ነን።

ቃላችሁን አፍርሱ እያልኩ አይደለም፤ ከዚህ ወጥታችሁ «እሷ ብላናለች» ብላችሁ መሐላችሁን እንደ ሙዝ ልጣጭ መንገድ ላይ እንዳትጥሉ። ኤርሚያስ ቁጥሯን በጓዳ አልከፈታትም። አስቀድሞ ሄደ። አንገቱን ደፍቶ ጠየቀ። ሽማግሌው «አይሆንም» ቢሉት ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር፤ ምናልባት ሌላ ዓይነት ድልድይ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ይፈለግ ነበር። ያም ቢሆን ከመጠየቅ በኋላ ነው። እኔ የምላችሁ ጠይቁ ነው።

«ያልጠየቅኩት ሰው ሞቷል» የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ፤ ከባድ ነው። የሞተው ሰው ግን ይወዳችሁ ነበር? የሚወዳችሁ ከነበረ፣ ቃሉን ስትሰጡት የዛሬውን ድካማችሁን ቢያይ ኖሮ ምን ይላችሁ ነበር? ሟቹን ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡና ተነጋገሩበት። በሕይወት ባለው አምላክ ፊትም አቅርቡት። እሱ ለቅሶ ቤት ገብቶ የማይሰማ አይደለም፤ ያን ቀን የተናገራችሁትን ሰምቷል፤ ምን ያህሉ እንባ እንደ ነበረም ያውቃል።

በሕይወት ያሉትን ግን ምን ሰበብ አላችሁ? ቤታቸውን ታውቁታላችሁ። ስልካቸው እጃችሁ ላይ ነው። «አፍራለሁ» ትሉ ይሆናል። እፈሩ! አፍራችሁ ሂዱ። ሲያበሉአችሁ ብሉ፤ ጨምሩ ሲሏችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ ግን ሳትናገሩ እንዳትወጡ። የእናንተ ዝምታ እናንተን ብቻ የሚያስከፍል ይመስላችኋል። በእናንተ ዝምታ ምክንያት መሻገሪያ ያጣ ሰው አለ። በር ላይ የቆመው ሰው አለ፤ ሰላም የማይባባሉት ልጆች አሉ። እነሱ ስለ ቃላችሁ ምንም አያውቁም። የሚያውቁት ማዶ መቅረታቸውን ብቻ ነው።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሄዳችሁ የምትጠይቁትን ሰው ስም በልባችሁ ጥሩት።

ጠራችሁት? እንግዲያው ዓይናችሁን ግለጡ። ጸሎቱን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ እናንተ ተነሡና ሂዱ።